ታሂር «አልችልም» ያለ ዕለት

አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ኮቱ የተቀደደበት ሰው ታሂር ዘንድ ይሄዳል። ወሬ ያማረውም እዚያው ይሄዳል። የታሂር የልብስ ስፌት መኪና ከጨው ተራ ወደ ከብት ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ ሦስት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አርብ አርብ አምስትና ስድስት ሰው ይጨናነቅበታል። ገበሬው ማለዳ ገብስና አተሩን በአህያ ጭኖ ሲገባ የተቀደደ ጆንያውን ወይም የልጁን ሱሪ ለታሂር ጥሎ ያልፋል፤ ከሰዓት ሸምቶ ሲመለስ ይወስዳል። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ታሂር መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ይከትና «እስክመለስ ቤቱን አደራ» ብሎ ወደ መስጊድ ይወርዳል። አግዳሚው ላይ ያሉት፣ አብዛኞቹ ማተብ ያሰሩ ገበሬዎች፣ ደንበኛ ሲመጣ ልብሱን ተቀብለው፣ ቁመቱን ለክተው፣ አንዳንዴም በእሱ ፈንታ ዋጋ ተከራክረው ይጠብቁታል።

ሰውዬው ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የልኬት ሜትሩ ከአንገቱ የማይወርድ። ለሌላው ሰው ለመናገር አንደበቱ የተፈታ ነው። ለራሱ መጠየቅ ግን አያውቅበትም። ሰው ቤት ሄዶ ማዕድ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ይላል። ይህስ የሁላችንም ነው፤ ሳይለመን የሚቀርብ ማን አለ? ልዩነቱ እኛ ሁለት ጊዜ ተለምነን ስንቀርብ እሱ አምስተኛውን ይጠብቃል። ቅመም የምትነግደው ሚስቱ ሀጂራ ይህን ጸባዩን ስታነሣ፣ «እኔንስ ያገባኝ አባቴ አራት ጊዜ ‹ውሰዳት እንጂ› ብሎት አይደል» ትላለች፤ ታሂር ደግሞ አንገቱን ደፍቶ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል።

ይህ ጸባዩ አንድ ጊዜ ዋጋ ሊያስከፍለው ነበር። ነገሩ ከዕድራችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስለ ዕድሩ ጥቂት ልበል።

ዕድሩ ሰማንያ ሰባት ቤት አለው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። ድስቱና ጭልፋው ለየብቻው ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ ግን የጋራ ነው። ድንኳኑን የሰፋው ታሂር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉም የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው። ሞት በተሰማ ቁጥር ሸራውን፣ ቋሚውንና ካስማውን በአህያ ጭኖ ሐዘን ቤት ደርሶ፣ ድንኳኑን እንደ ሙሽራ ቤት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ገመዱ ትንሽ ከላላ ለቀስተኛውን አስነሥቶ ያጠብቃል።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ይርጋ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በጉልምስናቸው በሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ዛሬም ሰውን የሚመዝኑት በዚያው ዓይን ነው። ጉልበታቸው ከዳገቱ ሰፈር ቶሎ አያወርዳቸውም። ስለዚህ የዕድሩ እግር ምክትሉ ነው። ሞት ሲሰማ ከሁሉ ቀድሞ ሐዘን ቤት የሚገባው ምክትል ሊቀ መንበሩ ነው። ገብቶ ቤተ ሰቡን ያጽናናል፣ የሚፈልጉትን ይሰማል፣ ከዚያ ወጥቶ አንዱን ለመቃብር ቁፋሮ፣ አንዱን ለእንጨት፣ አንዱን ለውኃ ያሰማራል። እሱ ሳይገባ ሌላ ሰው አይገባም። ማን እንዳመጣው ባላውቅም በእኛ ዕድር እንዲህ ሆኖ ኖሯል።

ታሂር ይህን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኘው ነበር። አባቱ ጨው ነጋዴ ነበሩ። ወደ አርብ ገበያ በመጡ በአራተኛው ወር፣ ገና ዕድር ሳይገቡ፣ አንድ ማለዳ ሞቱ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ታሂርና እናቱ ከሬሳው ጋር ብቻቸውን እስከ ቀትር ተቀመጡ፤ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረምና ማንም አልመጣም። በኋላ አንድ ጎረቤት ሰምተው ገቡ። «ያን ጠዋት በሩን ያየሁትን ያህል በዕድሜዬ በር አይቼ አላውቅም» አለኝ አንድ ቀን፣ የጋቢዬን ጠርዝ እየዘመዘመ። «ድንኳን መስፋቱ ጥሩ ነው። ግን ድንኳን ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚደርሰው። እኔ በሩን መክፈት ነው የምፈልገው።»

እስከዚያ ድረስ ምክትል የነበረው እሸቱ ነው። የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ፣ ትጉ ሰው፣ ነገር ግን ችኩል። ሐዘን ቤት ሲገባ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ ነው። እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞቱ ጊዜ ገና ከመሬት ሳይነሡ እሸቱ ደርሶ፣ «እትዬ፣ ሠላሳ ወንበር ይበቃል ወይስ አርባ?» አላቸው። ዛሬም ድረስ፣ «ባሌን ሳላለቅስ ወንበር ቆጠርሁ» እያሉ ያነሡበታል።

እሸቱ ለሦስት ዓመት ተመርጦ በአሥራ አራተኛው ወሩ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ተዛወረ። ሲሰናበት፣ «ስልኬ ክፍት ነው፣ ከዚያ ሆኜም ልመራ እችላለሁ» ብሎ ነበር። እትዬ ዘነበች፣ «ከስማዳ በዚያ መንገድ ተነሥተህ እስክትደርስ ሟቹ ሠልስቱን ይጨርሳል፤ ይልቅ ደህና ግባ» ብለው ሸኙት።

ምክትል በዘመኑ መካከል ሲለቅ ለእኛ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደንቡ ሲገለጥ አንቀጽ አሥራ አራት ተገኘ፤ ሊቀ መንበሩ አንድ ሰው ያቀርባሉ፣ ጉባኤው እጅ አውጥቶ ያጸድቃል ወይም ይጥላል ይላል።

አርብ ዕለት ጋሽ ይርጋ ኮታቸውን ለማስጠገን ታሂር ዘንድ መጡ። ኮቱ ግን ምንም አልተቀደደም።

«እሑድ ስምህን ልጠራ ነው» አሉት።

«ኧረ ጋሽ ይርጋ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«እሱን እሑድ ትላለህ» ብለው ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ።

ታሂር ማታ ለሀጂራ ነገራት። «ሲጠሩህ ‹እሺ› በል፣ ተቀመጥ፤ በቃ» አለችው።

«ሳልለመን?»

«ሳትለመን።»

«ሰው ምን ይለኛል? ሹመት የራበው ነው የሚሉኝ።»

«ታዲያ አልራበህም?»



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከግምጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ጸሐፊያችን አዲስ ናት። ሰውነት ትባላለች፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጽሕፈቷ እንደ ታተመ መጽሐፍ የጠራ። የቀድሞው ጸሐፊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ለሹመት ሲጠራ ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ልመናው እስኪያልቅ ይጠብቁ ነበር። ይህን ለሰውነት የነገራት ሰው አልነበረም። ለካ ከብዕሩ ጋር ብዕር የመሰካቱን ሥርዓት ማስረከብ ነበረብን።

ጋሽ ይርጋ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ እሸቱ ሄደ። ደንቡ ሰው አቅርብ ይለኛል። እኔ ታሂርን አቅርቤያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አየሁት፤ ሲጠመድ አይራገጥም፣ ሲፈታም አይጠፋም።»

ሰው ሣቀ። ታሂር ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ጋሽ ይርጋ፣ አላህ ያክብርልኝ። እኔ ግን አልችልም። ከእኔ የሚሻል ሞልቷል።»

ይህ ወጉ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «ኧረ ተው» ይላል፣ ሌላው «ካንተ ወዲያ ማን አለ» ይላል፣ ተሿሚው ይቀመጣል፣ በብብቱ ይዘው ያነሡታል፣ በሦስተኛው ላይ «እናንተ ካላችሁ እንግዲህ» ይላል፤ ይጨበጨባል። ከቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ የወጡት መሪጌታ ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ልመና ለማቅረብ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ፣ ሰውነት ቃለ ጉባኤውን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ዕጩው በጉባኤው ፊት ተነሥተው ‹አልችልም› በማለት ሹመቱን ያልተቀበሉ በመሆኑ ወደሚቀጥለው ዕጩ ታልፏል። ጋሽ ይርጋ፣ የሚቀጥለው ማን ይባል?»

«ልጄ፣ ቆይ እንጂ፣ ገና አልጀመርንም እኮ» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ ጽፌዋለሁ።»

«ብትሰርዢውስ?»

«ቃለ ጉባኤ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም።»

መዝገብ ያለው ነገር ያስፈራል። ዓይን ሁሉ ወደ ታሂር ዞረ። አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ ግን «ለምኑኝ እንጂ» ብሎ የሚናገር ሰው ከየት ይመጣል? ፈገግ ለማለት ሞከረና ተቀመጠ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር።

ጋሽ ይርጋ በልባቸው ይዘውት የመጡት ስም አንድ ብቻ ነበር። ወዲያና ወዲህ ሲያዩ ዓይናቸው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዳዊት ላይ አረፈ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቀልጣፋ ልጅ ነው። «እንግዲያ ዳዊት ይሁን» አሉ።

ዳዊት የታሂርን ነገር በዓይኑ አይቷል። ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣና፣ «እሺ፣ ተቀብያለሁ» አለ።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምነው ልጄ፣ ወንበሩ ይሸሽብሃል?» አሉት።

እጅ ሲወጣ አሥራ ሁለት ደገፈው፣ ሃምሳ ስምንት ጣለው። ወፍጮው የሚመሰገን፣ ጸባዩም ደህና ነው፤ የተጣለው ሳይለመን እሺ በማለቱ ብቻ ነው። ዳዊት ቆሞ አየን።

«ቆይ፣ አያ ታሂር እምቢ ቢል ተጻፈበት። እኔ እሺ ብል ተጣልሁ። ታዲያ ሰው ምን ብሎ ነው የሚሾመው?»

ጋሽ ይርጋ ጉባኤውን ለሚቀጥለው እሑድ አሳደሩት።

ሰኞ ጠዋት የታሂር አግዳሚ ወንበር ከአርብ ይልቅ ሞላ። ሁሉም ሊያጽናናው መጥቶ ሁሉም ይቀልድበታል። አንዱ ሱሪ ሰጥቶት፣ «ትሰፋልኛለህ ወይስ አልችልም ልትለኝ ነው?» ይለዋል። እሱም ከእነሱ ጋር ይሥቃል፤ ሥቆ ሲያበቃ ግን መኪናዋን ከወትሮው ፈጥኖ ይረግጣት ነበር።

ከሰዓት ሰውነት ራሷ መጣች። ሰው ነግሯት ኖሯል፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አያ ታሂር፣ ማዕድ ላይ መለመን ያለ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ለሹመትም እንደዚያ መሆኑን ግን አላሰብሁም። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ያሉት የእውነት ነበር?»

በሩ እንደገና ተከፈተለት ማለት ነው። እዚያው ሆኜ እየሰማሁ ነበር፤ በዓይኔም ጠቀስሁት።

«አይ ልጄ» አላት ታሂር፣ «ልክ ነው የጻፍሽው። አንቺን ማን አጥፍተሻል አለሽ?»

ሰውነት አመስግናው ሄደች። ታሂር ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ላድርግ፣ ደነገጥሁ» አለኝ።

ሀጂራ ይህን ስትሰማ መድኃኒቱን ራሷ ለማዘጋጀት ቆረጠች። ያን ማታ እራት አቀረበችለት። ከገበያ ዘግይቶ የገባ ሰው ነው፤ ርቦታል። ከልማድ ብዛት «ትንሽ ቀምሻለሁ» አለ። «እሺ» አለችና ሳህኑን አነሣችው። ጧትም እንዲሁ። ማክሰኞ ማታ ገና ሳህኑ ሳይቀመጥ፣ «አምጪው፣ እበላለሁ» አለ። «ተመስገን፣ ዳነ» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ግን ማዕድ ሌላ፣ ጉባኤ ሌላ ነው። ልቡን ያስቆረጠው ረቡዕ የሆነው ነገር ነው።

ረቡዕ ማለዳ የአናጢው የኃይለ ሚካኤል እናት አረፉ። ጥሩንባው ተነፋ። ታሂር ድንኳኑን ጭኖ ሲደርስ አርባ የሚሆን ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ማንም አልገባም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሴት ልቅሶ ይሰማል፤ ኃይለ ሚካኤል ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መሬቱን ያያል። ሰዉ ሁሉ ምክትሉን ይጠብቃል። ምክትል የለም። ጋሽ ይርጋ ገና ዳገቱ ላይ ናቸው፤ ዘንጋቸው ከሩቅ ይታያል። እርስ በርስ «አንተ ግባ»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ይባባላሉ፤ መከባበሩ እዚያም ላይ አላቆመም።

ታሂር የአህያዋን ገመድ ለአንዱ ሰጥቶ አጥሩን አለፈ። ወደ በሩ ሲቃረብ ኃይለ ሚካኤል ቀና አለ።

«አያ ታሂር» አለው፣ «ዕድሩ ልኮህ ነው?»

ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ነገር ታሂር ያውቀዋል። አዎ ለማለት አፉን ከፈተ። አልተላከማ። ስሙ መዝገብ ላይ እንደ እምቢተኛ ሰፍሯል። ውሸት መናገርም አይሆንለትም።

«አይ» አለ፣ «ድንኳኑን የት እንትከለው ልልህ ነው።»

ኃይለ ሚካኤል በእጁ ወደ ግራ አመለከተና እንደገና መሬቱን ማየት ጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ደርሰው ገቡ፤ ሰዉም ተከትሏቸው ገባ። ድንኳኑ ያን ቀን እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ ቆመ። ታሂር ግን ከሥሩ አልተቀመጠም፤ አህያዋ አጠገብ ቆሞ ዋለ።

«እሸቱን በወንበሩ ስንሥቅበት ኖርን» አለኝ ስንመለስ። «እኔም ያዘነ ሰው ሳላቅፍ ድንኳን የት ይተከል አልሁ። ‹ዕድሩ ልኮህ ነው› ሲለኝ አዎ የምልበት አፍ አጣሁ። በጨዋ ደንብ ነው ያጣሁት፣ ታውቃለህ?»

እሑድ እንደገና ባሕር ዛፎቹ ሥር ተገናኘን። የረቡዑ ነገር ሁሉንም አሳፍሮት ስለ ነበር ከሰማንያ ሰባቱ ቤት ሰባ ስምንቱ መጣ። ጋሽ ይርጋ ተነሥተው መሪጌታ ተክለ ማርያምን አቀረቡ።

መሪጌታ ተነሡ። «እኔ እንኳ አልችልም» አሉ። ይህን ጊዜ ሁላችንም ሰውነትን አየናት። ብዕሯን ከወረቀቱ በላይ ይዛ ቆመች።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ አልችልም የእውነት ነው ወይስ የልመና?»

ጉባኤው በሣቅ ፈረሰ። መሪጌታም ሣቁ። «የእውነት ነው ልጄ። ማለዳ ማለዳ ተማሪዎቼ ፊቴ ናቸው። ከዜማ መካከል ተነሥቼ ብሮጥ የጀመርሁትን ማን ይጨርስልኛል? በረጋ እጅ ጻፊው።»

ጻፈችው። ጋሽ ይርጋ በዘንጋቸው መሬቱን እየቆረቆሩ ሌላ ሰው በዓይናቸው ሲፈልጉ ታሂር ተነሣ። ሜትሩን አንገቱ ላይ አላደረገም ነበር፤ ያለ ሜትሩ አንገቱ የረዘመ መሰለኝ።

«ጋሽ ይርጋ፣ ስሜን ድገሙት።»

«ምን አልህ?»

«የኔን ስም ድገሙት። ያለፈው ‹አልችልም› የልመና ነበር። እችላለሁ። ሥራውን እፈልገዋለሁ።»

በዕድራችን ሰው ተነሥቶ «ሹሙኝ» ሲል ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ከኋላዬ አንዱ «አበደ እንዴ?» አለ። ታሂር ግን አልተቀመጠም።

«የአባቴን ሬሳ ይዤ እስከ ቀትር በር ያየሁ ሰው ነኝ» አለ። «ረቡዕ ኃይለ ሚካኤል ደጃፍ ላይ አርባ ሆነን አጥር ይዘን ቆምን። እኔም ነበርሁበት። የሚገባ ሰው አድርጉኝ። ወንበር አልቆጥርም።»

እትዬ ዘነበች እጃቸውን አነሡ። «ታሂር፣ አንተ ሰው መሆንህን አውቃለሁ። ግን ምክትሉ ቀብር መሪ ነው። የኛ ሰው ፍትሐት ላይ ሲሆን አንተ የት ትቆማለህ?»

«እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቆምሁበት ነው የምቆመው። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ ከበሩ በስተቀኝ። ባለቤትዎንም እዚያ ቆሜ ነው የሸኘኋቸው።»

እትዬ ዘነበች ጥቂት አሰቡ። «እውነት ነው» አሉ። «ዝናብ ነበር። ጃንጥላ የሰጠኸኝም አንተ ነህ።»

«ከግንቡ ሥር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ያስፈልገናል» አሉ መሪጌታ። «ከውስጥ ስንወጣ ወዴት እንደምንሄድ የሚያውቅ።»

ያኔ ዳዊት ተነሣ። ሁላችንም ፈራን፤ ባለፈው እሑድ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተጣለ ሰው ነው።

«እኔን ስለ ቸኮልሁ ጣላችሁኝ» አለ። «አያ ታሂር ሳምንት ሙሉ ዘገየ። ሳምንት የዘገየ ሰው ችኩል ነው የሚል ካለ ይነሣ።»

የተነሣ የለም። ጋሽ ይርጋ ስሙን ደገሙት። ሰውነት እጅ ቆጠራ ጀመረች። ታሂር እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አያ ታሂር፣ እርስዎም እኮ አባል ነዎት» አለችው።

«ራሴን ልምረጥ?» አለ፤ አሁን በእውነት ደንግጦ።

ከሴቶቹ ወገን የሀጂራ እጅ ቀና ብሎ ነበር፤ መቼ እንደ ወጣ አላየንም። ሰውነት፣ «እማማ ሀጂራ፣ አንድ ቤት አንድ እጅ ነው» አለቻት።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። የቤቱ እጅ ይኸው።»

ተጻፈ። አርባ ዘጠኝ ደገፈው፣ ሃያ ስድስት ተቃወመው፣ ሦስቱ ዝም አሉ። ከሃያ ስድስቱ አንዱን በኋላ ለምን እንደ ተቃወመ ብጠይቀው፣ «ሰውዬው ደህና ነው፤ ግን ለምነን ብናስገባው ደስ ይለን ነበር» አለኝ። ጋሽ ይርጋ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከታሂር ተቀብለው ለዳዊት ሰጡት። ዳዊትም ያው እንደ ልማዱ ሳይለመን ተቀበለ፤ ማንም ምንም አላለውም።

ታሂር ምክትል በሆነ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሻይ የምትሸጠው ሹክሪያ ስልክ ደወለች። አባቷ አያ ከሪም ሌሊቱን ደክመው አድረው ገና አሁን አለፉ። ቤት ውስጥ ከእሳቸውና ከእሷ በቀር ሰው የለም። ታሂር የጀመረውን ሱሪ አንድ እግር ሰፍቶ ነበር፤ መኪናዋ ላይ እንዳለ ተወው። መንገድ ላይ አየሁትና ተከተልሁት፤ እየሮጠ አይደለም፣ ግን አልደረስሁበትም። ሀጂራም የቅመም ጆንያዋን ከድና ተከተለችን።

እኔ በደንቡ መሠረት አጥሩ ዘንድ ቆምሁ። እሱ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። «ሹክሪያ፣ እኔ ነኝ፣ ታሂር። ዕድሩ ልኮኝ ነው» ሲል ሰማሁት። በኋላ ስገባ መደቡ ላይ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ራሷ ትከሻው ላይ ነው። ደብተር አልያዘም። ከዚያ በየጊዜው ብቅ እያለ፣ ማን ወደ መቃብር፣ ማን ወደ ውኃ፣ ማን ገነዛውን ለሚያውቁት ሽማግሌ እንደሚነግር በለሆሳስ እየተናገረ ይመለስና እዚያው ቦታው ላይ ይቀመጣል።

የእስላም ቀብር አይዘገይምና ዳዊት ድንኳኑን ይዞ በጥድፊያ ደረሰ። ከሦስት ሰው ጋር ሆኖ «ሳብ፣ ሳብ» እያለ አቆመው። በሩ ክፍት ስለ ነበር ከመደቡ ላይ በደንብ ይታያል። በስተግራ ያለው ቋሚ ዘምሟል፤ ካስማው በአፈሩ ላይ በስሱ ነው የተመታው፤ የሸራው ጫፍ እንደ ታመመ ዶሮ ክንፍ ወርዷል። የታሂር እግር ሲንቀሳቀስ አየሁት። አንድ ጊዜ ሊነሣ ከወገቡ ቀና አለ።

«ተቀመጥ» አለችው ሀጂራ ከወዲያ ማዶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ካስማው እኮ…»

«ተቀመጥ አልሁህ። የአንተ ቦታ እዚህ ነው።»

ሹክሪያ ቀና ብላ ወደ ውጭ አየች። ዓይኗ እንባ እንዳቆረ ድንኳኑን እስከ ላይ አየችው። «አባቴ ቢያየው ይሥቅ ነበር» አለች።

«ይሥቅ ነበር» አላት ታሂር፣ እጇን እንደያዘ።

ያን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ በድንኳኑ ሲገባ ሲወጣ ጎንበስ ይል ነበር። ጋሽ ይርጋ እንኳ ባርኔጣቸው በሸራው ተመትቶ ወደቀ። ታሂር ይህን ሁሉ አየ፤ እስከ ቀብሩ ሰዓትም ካስማ ለማጥበቅ ከመደቡ አልተነሣም።